የእንጨት ጉብታ መደብ፤ ከፍታው ስንት፣ ተዳፋቱስ?

 በኦስትሪያ ተራሮች፣ በሳልዝቡርግ ክፍለ ግዛት ሉንጋው የሚባል አካባቢ አለ። ከብርዱ የተነሣ ኦስትሪያውያን «የአገራችን ሳይቤሪያ» ይሉታል። ክራሜተርሆፍ የተባለው እርሻ የሚገኘው እዚያ ነው። የእርሻው ዝቅተኛ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር፣ ከፍተኛው ደግሞ 1,500 ሜትር ላይ ነው። ዜፕ ሆልዘር ይህን እርሻ እ.ኤ.አ. በ1962 ከወላጆቹ ሲረከብ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ነበር። በዚያ ብርዳም ተራራ ላይ ኩሬ ቆፈረ፣ እርከን ሠራ፣ የፍራፍሬ ዛፍ ተከለ። አትክልቱን ያለማው ደግሞ ከሥራቸው ግንድና ቅርንጫፍ በተቀበረባቸው ረጃጅም የአፈር ጉብታዎች ላይ ነው።

ጀርመኖች ይህን አሠራር ሁግልኩልቱር ይሉታል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከታች ወፍራም ግንድ ይጋደማል፣ በላዩ ቅርንጫፍና ጭራሮ ይከመራል። ቀጥሎ ሥሩ ወደ ላይ ተገልብጦ የሣር ቁራጭ ይነጠፋል፣ ከዚያ እርጥብ ቅጠል፣ ብስባሽ፣ መጨረሻ ላይም ለም አፈር ይለብሳል። እንጨቱ በሰበሰ ቁጥር ውሃ የመያዝ አቅሙ ይጨምራል። መበስበሱ መጠነኛ ሙቀት ይሰጣል፣ በየዓመቱም ጥቂት ጥቂት ምግብ ለተክሉ ይለቃል። ጀርመናዊው አትክልተኛ ሄርማን አንድሬ ስለዚህ አሠራር አነስተኛ መጽሐፍ ያሳተመው እንደ አጋጣሚ ሆልዘር እርሻውን በተረከበበት በዚያው በ1962 ነበር። በከተማና በመንደር የሚቃጠለው የተገረዘ ቅርንጫፍ ከጭስ ይልቅ አፈር ቢሆን ይሻላል የሚለው ሐሳብ ብዙ ጓሮ ያላቸውን ጀርመኖች ማረከ።

አዲስ ጀማሪ ሁሉ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እንጨቱ ዓይነት አይደለም። «ምን ያህል ከፍ ላድርገው?» ነው የሚለው። መልስ ፍለጋ የሄደ ሰው ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ይዞ ይመለሳል። የጀርመን የጓሮ አትክልት መመሪያዎች ከ80 ሴንቲሜትር እስከ አንድ ሜትር ይላሉ። ሆልዘር አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚደርስ፣ ጎኑም ከ45 ዲግሪ የበለጠ የቆመ ጉብታ ይመክራል። በአሜሪካ ሞንታና ክፍለ ግዛት፣ በሚዙላ ከተማ አካባቢ የሚሠራው ፖል ዊተን ደግሞ ሁለት ሜትር ገደማ ካልሆነ ጥቅሙ ሙሉ አይሆንም ባይ ነው።

ሦስቱም ለየራሳቸው ቦታ ምክንያት አላቸው። ችግሩ የሚመጣው ቁጥሩ ከምክንያቱ ተነጥሎ ሲወሰድ ነው። ከፍታን ከመወሰን በፊት መወሰን ያለበት ተዳፋቱ ነው። ተዳፋቱን የሚወስኑት ደግሞ ዝናቡ፣ ፀሐዩና የሠራተኛው ክንድ ናቸው።

ከዝናቡ እንጀምር። ግርጌው ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ በዓይነ ኅሊና ይታሰብ። ሁለቱ ጎኖቹ 45 ዲግሪ ቢያዘነብሉ ጫፉ አንድ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። ከአንዱ ግርጌ ተነሥቶ በአናቱ አልፎ እስከ ሌላው ግርጌ የሚዘረጋ ገመድ 2.83 ሜትር ይሆናል። ጠፍጣፋ መሬት ቢሆን ሁለት ሜትር ብቻ ነበር። ይህ ማለት የሚተከልበት ገጽ በ41 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ጎኑ ወደ 60 ዲግሪ ቢቆም ከፍታው 1.73 ሜትር ይደርሳል፣ ገጹም እጥፍ ሆኖ አራት ሜትር ይሞላል። በትንሽ ጓሮ እጥፍ መሬት ማግኘት ማንንም ያጓጓል።

ከሰማይ የሚወርደው ውሃ ግን አልጨመረም። ዝናቡ የሚያውቀው የግርጌውን ሁለት ሜትር ብቻ ነው። 60 ዲግሪ በቆመው ጎን ላይ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር አፈር የሚደርሰው ዝናብ ጠፍጣፋ መሬት ከሚያገኘው ግማሹ ነው፤ ከዚያም ላይ ሳይሰርግ ተንሸራቶ የሚወርድ አለ። የሣር ጎጆ ጣራ ቁልቁል የሚደረገው ውሃውን ቶሎ እንዲያወርድ እንደሆነ ሁሉ፣ የቆመ ጉብታም ውሃውን ወደ ግርጌው ያወርደዋል። በብርዳምና ርጥበታም ቦታ ይህ መድኃኒት ነው። እዚያ የአትክልት ጠላት የተኛ ውሃና ቀዝቃዛ አፈር ነው። ሆልዘር ጉብታው ዝቅና ጠፍጣፋ ከሆነ ይጠቀጠቃል፣ ውስጡም አየር ያጣል የሚለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ያንኑ ጉብታ ዝናብ አጠር ወደሆነ ቆላ የወሰደው ሰው ግን ራሱ በእጁ ድርቅ ይሠራል። የጎኑ አፈር ይደርቃል፣ ዘሩ ሳይበቅል ይቀራል፣ አናቱ ላይ የተተከለው ችግኝ ቀድሞ ይጠወልጋል።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ሉንጋው በ47ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ይገኛል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢት፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ የምትነሣው 43 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ 20 ዲግሪ ታጎነብሳለች። ወደ ደቡብ ያየና 45 ዲግሪ ያዘነበለ ጎን በመጋቢት የፀሐይዋን ጨረር ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብሎ ይቀበላል። አፈሩ ጠፍጣፋ ከሆነው ጎረቤቱ ቀድሞ ይሞቃል፣ ዘር ቀድሞ ይበቅላል። ክረምቱ ረጅም ለሆነበት ገበሬ የሁለትና የሦስት ሳምንት ቅድሚያ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህ ነው በአውሮፓ ስለ ጉብታ አቅጣጫ ብዙ ክርክር የሚሰማው። ብዙ መመሪያዎች ሁለቱም ጎኖች ጧትና ማታ ፀሐይ እንዲካፈሉ ጉብታው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይዘርጋ ይላሉ። ሙቀት የሚሻ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያጋድመውና ደቡባዊውን ጎን ለቲማቲም፣ ሰሜናዊውን ለሰላጣ ይመድባል።

አዲስ አበባ በ9ኛው ዲግሪ ላይ ናት። በመጋቢት እኩለ ቀን ፀሐይ 81 ዲግሪ ከፍ ብላ አናት ላይ ትቆማለች ማለት ይቻላል። በሰኔ እንዲያውም ወደ ሰሜን ታልፋለች። እንዲህ ባለ ቦታ ተዳፋቱን ለፀሐይ ብሎ ማቆም ትርፉ ጥቂት ነው። አውሮፓዊው ገበሬ ጉብታውን ቁልቁል ካደረገባቸው ሁለት ዋና ምክንያቶች አንዱ እዚህ የለም ማለት ነው።

ሦስተኛው የሰው ክንድ ነው፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም ይህንኑ ነው። የጎልማሳ ክንድ ሳይንጠራራ ከ60 እስከ 75 ሴንቲሜትር ይደርሳል። የጀርመኖቹ መደብ ስፋቱ ከ1.50 እስከ 1.80 ሜትር የሆነው በዘፈቀደ አይደለም። ስፋቱ 1.60፣ ከፍታው 80 ሴንቲሜትር ቢሆን ተዳፋቱ ልክ 45 ዲግሪ ነው፤ መሐሉም ከዳር 80 ሴንቲሜትር ብቻ ይርቃል። ትንሽ ጎንበስ ያለ ሰው በሁለቱም በኩል ይደርስበታል። አሁን በዚያው ተዳፋት ከፍታው ሁለት ሜትር ይሁን። ግርጌው አራት ሜትር ይሆናል፣ መሐሉ ከዳር ሁለት ሜትር ይርቃል። አናቱ ላይ የበቀለውን ዱባ ለመልቀም በጎኑ መውጣት ግድ ነው። የወጣ ሰው ደግሞ አፈሩን ይጠቀጥቃል፣ ይንደዋልም። ረጅም ጉብታ የሚሠሩ ሰዎች ጎኑን ከ45 ዲግሪ በላይ እንዲቆም የሚፈልጉት በከፊል ለዚህ ነው። በ60 ዲግሪ የሁለት ሜትሩ ጉብታ ግርጌ ወደ 2.30 ሜትር ይጠባል፣ ቆሞ መልቀም ይቻላል። ወገባቸውን ለሚያማቸው አረጋውያን ይህ ከአትክልቱ ምርት ያላነሰ ጥቅም አለው።

ከፍታ ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። ተዳፋቱ ሳይለወጥ ከፍታው እጥፍ ሲሆን የሚተከልበት ገጽ እጥፍ ይሆናል፤ የሚያስፈልገው እንጨትና አፈር ግን አራት እጥፍ ነው። አንድ ሜትር ከፍታና ሁለት ሜትር ግርጌ ያለው፣ አራት ሜትር የሚረዝም ጉብታ አራት ሜትር ኩብ ይፈጃል። ከፍታው ሁለት ሜትር ሲደርስ ያው ርዝመት አሥራ ስድስት ሜትር ኩብ ይጠይቃል። ያንን በአካፋና በባሬላ የሚሠራ ቤተሰብ ከመጀመሩ በፊት ይህን ሒሳብ ማወቅ አለበት።

ታዲያ የሚዙላው ዊተን በዓመት ወደ 350 ሚሊሜትር ብቻ በሚዘንብበት አገር ሁለት ሜትር ጉብታ ለምን ይመክራል? የእሱ መከራከሪያ የእንጨቱ ብዛት ነው። በረዶው በጸደይ ሲቀልጥ ውሃው ወደ ብዙ እንጨት ይሰርጋል፣ በበጋም ሥሮች ወደዚያ ይወርዳሉ፤ ጉብታዎቹም በመካከላቸው ነፋስ የማይደርስበት ቦታ ይፈጥራሉ ይላል። ሐሳቡ መሠረት አለው። እንጨቱ ውሃ የሚይዘው ግን ከበሰበሰ በኋላ ነው። ትኩስ ግንድ በመጀመሪያው ዓመት ለተክሉ ይህ ነው የሚባል ውሃ አያቀብልም። በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአትክልት ሳይንስ ባለሙያዋ ሊንዳ ቻልከር-ስኮት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ጽሑፍ ደግሞ ስለ ጉብታዎቹ ከሚነገሩት ጥቅሞች አብዛኞቹ በሳይንሳዊ ሙከራ ያልተደገፉ መሆናቸውን አመለከተች። ለቤት አትክልተኛ እንጨቱን ከመቅበር ይልቅ ፈጭቶ በአፈሩ ገጽ ላይ መጎዝጎዝ ይበልጣል የሚል አቋም አላት። ይህ ማስጠንቀቂያ ሊሰማ ይገባል። ጉብታው እንደሚጠቅም የብዙ አትክልተኞች የዓይን ምስክርነት አለ፤ የተለካ ማስረጃው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ትልቅ ከመሥራት በፊት ትንሽ ሠርቶ ማየት የብልህ ሥራ ነው።

ድርቅ በበዛበት ምድር የኖሩ ሕዝቦች ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ነው የሠሩት። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ የሚኖሩት የዙኒ ሕዝቦች አትክልታቸውን የሚያለሙት ዙሪያቸው በጭቃ ግድግዳ በተከበቡ፣ ዝቅ ባሉ ትንንሽ አራት ማዕዘን መደቦች ውስጥ ነው። ውሃው ወዴትም አይሄድም፣ ነፋሱም አፈሩን አያደርቀውም። በዚህ ዓይነት አገር እንጨት መቅበር የሚፈልግ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ እንጨቱን ከመሬት በታች ያድርግ፤ የመደቡ ገጽ ከዙሪያው መሬት እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ቢል ዝናቡ ወደ እንጨቱ ይሄድለታል።

በኢትዮጵያስ? ከፍ ያለ መደብ እንግዳ ነገር አይደለም። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ፣ ውሃ የሚተኛበትን ጥቁር መረሬ አፈር የሚያርሱ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ሰፋፊ መደብና ቦይ ይሠራሉ። ከማረሻው በኋላ አፈሩን በእጅ እያፈሱ መደቡን ከፍ የሚያደርጉት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው። እጅግ አድካሚ ሥራ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የቁም እንስሳት ማዕከል ሁለት ማረሻ አጣምሮ ይህንን መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ያዘጋጀው ድካሙን ለማቃለል ነው። የመደቡ ስፋት 80 ሴንቲሜትር፣ የቦዩ ደግሞ 40 ሴንቲሜትር ነበር። እነዚህ ገበሬዎች ከፍታን የወሰኑት ውሃቸውን አይተው ነው፤ ትክክለኛው መነሻም ይኸው ነው።

በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ባለው ደጋ አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፣ ከዚያ ረጅም ደረቅ ወቅት ይከተላል። ጉብታው ሁለቱንም ወቅቶች መቻል አለበት። በሐምሌ ዶፍ እንዳይናድ ጎኑ መለዘብ ይኖርበታል፣ በጥር እንዳይደርቅም የእንጨቱ ክፍል ከመሬት በታች ቢሆን ይሻላል። ውሃ በሚሰርግበት ቀይ አፈር ላይ ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ቦይ ቆፍሮ እንጨቱን እዚያ ማጋደም፣ ከመሬት በላይ ያለውን ከፍታም በ40 ሴንቲሜትር መገደብ ጥሩ መጀመሪያ ነው። ግርጌው 1.60 ሜትር፣ አናቱ ሹል ሳይሆን 40 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ደልዳላ ከሆነ ተዳፋቱ 34 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በመረሬ አፈር ላይ ግን መቆፈር አይገባም። ጉድጓዱ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ እንጨቱም አየር አጥቶ ይገማል። እዚያ እንጨቱ በመሬቱ ገጽ ላይ ይጋደም፣ ከፍታው ወደ 60 ሴንቲሜትር ያድግ፣ በዙሪያውም የውሃ መውረጃ ቦይ ይውጣለት።

ተዳፋትን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ግማሽ ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ እንጨት አንዱ ጫፉ ጎኑን ነክቶ አግድም ይያዛል። በላዩ ግማሽ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በማጋደም ደልዳላነቱ ይታያል። ከሌላኛው ጫፍ እስከ ጉብታው ጎን ቁልቁል ያለው ርቀት 29 ሴንቲሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ነው። 35 ሴንቲሜትር ከሆነ 35 ዲግሪ፣ ግማሽ ሜትር ሙሉ ከሆነ 45 ዲግሪ ነው።

የእንጨት ጉዳይ እዚህ አገር ከባድ ጥያቄ ነው። የማገዶ እንጨት በሸክም ከሩቅ በሚመጣበት ቤት ግንድ መቅበር አይመከርም። ከአጥር የተገረዘ ቅርንጫፍ፣ ለማገዶ የማይሆን የበሰበሰ ጉቶ፣ የበቆሎና የማሽላ አገዳ ለአነስተኛ ጉብታ ይበቃሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ትኩስ እንጨት የሌሎችን ዕፅዋት ዕድገት የሚገታ ነገር ስላለው ቢቀር ይመረጣል። እንደ ወለጋ ምስጥ በበዛባቸው አካባቢዎች ደረቅ እንጨት መቅበር ምስጡን ወደ ጓሮ መጥራት ነው። ጀርመኖች ሥር የሚበሉ አይጦችን ለመከላከል ከግርጌው የሽቦ ወንፊት ያነጥፋሉ፤ ፍልፈል ባለበት ጓሮም ይህ ይሠራል።

የላይኛው አፈር ውፍረትም ከከፍታው ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። እንጨት በካርቦን ሀብታም፣ በናይትሮጅን ድሃ ነው። የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአጠገባቸው ካለው አፈር ይወስዳሉ፤ ሥሩ ቶሎ ወደ እንጨቱ የደረሰ ጎመንም ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ከእንጨቱ በላይ የብስባሹና የአፈሩ ውፍረት በድምሩ ከ30 ሴንቲሜትር ባያንስ ይመረጣል። አፈር ሲያጥር የሚቀነሰው እንጨቱና የጉብታው ከፍታ እንጂ ይህ ንብርብር አይደለም።

ኮረብታማ ቦታ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አንድ አደጋ ማወቅ አለባቸው። ጉብታውን የተዳፋቱን ወርድ ተከትሎ ሠርቶ በላይኛው በኩል ጎርፍ እንዲቋጥር ማድረግ የሚያምር ሐሳብ ይመስላል። ነገር ግን እንጨት ይንሳፈፋል። ውሃ ከኋላው የተጠራቀመበትና ውስጡ በግንድ የተሞላ ክምር እንደ ግድብ ሊታመን አይችልም፤ ከተነሣ አፈሩንም ግንዱንም ይዞ ከታች ወዳለው ቤት ይሄዳል። ጎርፍ የሚይዝ እርከን በተጠቀጠቀ አፈርና በድንጋይ ይሠራል። የእንጨቱ ጉብታ ከእርከኑ በታች፣ ውሃ ከማይተኛበት ቦታ ይቀመጥ።

ጎኑ እንደተሠራ በዚያው ቀን መሸፈን አለበት። ሆልዘር የሚያደርገው ልዩ ልዩ ዘር ቀላቅሎ ወዲያው መዝራት ነው፤ ሥሮቹ አፈሩን ይይዙታል። ደረቅ ሣር ጎዝጉዞ በቀጫጭን ችንካር ማስያዝም ያግዛል። አናቱ ላይ ጥልቀት የሌላት ቦይ ብትወጣ የሚያጠጡት ውሃ ወደ ጎን ከመንሸራተት ይልቅ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሙቀትና ድርቀት የሚችሉት ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ወደ አናቱ፣ ውሃ የሚወዱት ጎመንና ቆስጣ ወደ ግርጌው ቢተከሉ ተዳፋቱ ራሱ ውሃውን ያከፋፍልላቸዋል።

ጉብታው በየዓመቱ ዝቅ ይላል። እንጨቱ ሲበሰብስና ቅጠሉ ሲረግብ ከፍታው ይቀንሳል፣ ተዳፋቱም ይለዝባል፤ የጀርመን አትክልተኞች ከአምስትና ስድስት ዓመት በኋላ መደቡን እንደገና ይሠሩታል። ክረምቱ በወጣ ቁጥር በዚያችው የግማሽ ሜትር እንጨትና ጠርሙስ ለክቶ የተሸረሸረውን ጎን በብስባሽ መሙላት ያስፈልጋል። በአናቱ ላይ ስንጥቅ ወይም ጉድጓድ ከታየ ከሥሩ ክፍተት አለና በዱላ እየወጉ አፈር ይሞላበታል። አዲስ ግንድ ግን ከላይ አይጨመርም፤ ቦታው ከታች ነውና መደቡ ፈርሶ እስኪሠራ ይጠብቃል።